ንግሥት ኡራካ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ስለ መካከለኛው ዘመን ስፔን ስጽፍ ንግሥት ኡራካን በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሼ አልፌ ነበር። ያቺ መስመር ከቀረው ጽሑፍ ሁሉ በላይ ጥያቄ አስከተለች። ከጥያቄዎቹ የቻልኩትን ያህል እነሆ እመልሳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የስፔን ንግሥት ሲባል እኔ የማውቀው ኮሎምበስን የላከችውን ኢሳቤላን ነው። ይህቺ ደግሞ ማን ናት? በዚያ ዘመን ሴት እንዴት ዙፋን ላይ ወጣች?

ኢሳቤላ የነገሠችው በ1474 ነው፤ ኡራካ በ365 ዓመት ትቀድማታለች። በኡራካ ዘመን ስፔን የሚባል አንድ መንግሥት አልነበረም። በሰሜን ኡራካ የነገሠችበት ሌዮንና ካስቲል፣ አራጎን እና ሌሎች የክርስቲያን ግዛቶች ነበሩ፤ ደቡቡን ከሞሮኮ ተሻግረው የመጡት ሙራቢቶች የሚባሉ ሙስሊሞች ይዘውታል።

አባቷ አልፎንሶ 6ኛ በ1085 ቶሌዶን የያዘው ኃያል ንጉሥ ነው። ሚስት እየቀያየረ ቢያገባም ከሕጋዊዎቹ ሚስቶች ወንድ ወራሽ አላገኘም። ወንድ ልጅ የወለደችለት ከሴቪያ ሸሽታ የመጣችው ሙስሊሟ ልዕልት ዛይዳ ናት። ልጁ ሳንቾ ይባላል፤ ንጉሡም አልጋ ወራሽ አደረገው። በግንቦት 1108 ግን ኡክሌስ በተባለ ስፍራ ሙራቢቶች የካስቲልን ጦር ሲደመስሱ ያ ልጅ እግር ወራሽ አብሮ ሞተ። ያኔ ኡራካ ባሏ የቡርጎኙ ራይሙንዶ ከሞተባት አንድ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ሳንቻ የምትባል ሴት ልጅና አልፎንሶ የሚባል የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ ነበራት። ሽማግሌው ንጉሥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እርሱ ሐምሌ 1 ቀን 1109 ቶሌዶ ላይ ሲሞት፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ወይም ገና የሞላት መበለት ንግሥት ሆነች።

ጥያቄ፦ ታዲያ መልሳ ለምን አገባች? ያውም የአራጎኑን ንጉሥ? ይህ ጋብቻ አይደል ችግሩን ሁሉ ያመጣው?

አዎን፣ ጦሱ ከዚያ ይጀምራል። ነገር ግን ምርጫው የአባቷ ነበር ይባላል፤ ምክንያቱም አይከብድም። ሙራቢቶች ኡክሌስ ላይ አሸንፈዋል፤ በ1109 ደግሞ ቶሌዶን ከበዋል። ጦር የሚመራ ወንድ ያስፈልጋል ተባለ። የአራጎኑ አልፎንሶ «ተዋጊው» የሚል ቅጽል የተሰጠው በከንቱ አይደለም፤ ኋላ በ1118 ሳራጎሳን የያዘው እርሱ ነው። ከካስቲል ባላባቶች አንዱን ብታገባ ሌሎቹ ቤተሰቦች ያኮርፋሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ጋብቻ ነበር።

ሁለት እንቅፋቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ዝምድና ነው። እኛ እስከ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው የላቲኗ ቤተ ክርስቲያንም በዚያን ጊዜ እስከ ሰባት ትቆጥር ነበር፤ ወደ አራት ዝቅ ያደረገችው በ1215 ነው። ኡራካና አልፎንሶ ግን ሰባት ቀርቶ ሦስተኛው ላይ ይገናኛሉ፤ የሁለቱም ቅድመ አያት የናቫራው ሳንቾ 3ኛ ነው። የቶሌዶው ሊቀ ጳጳሳት በርናርድ ከመጀመሪያው ተቃወመ፤ ሮማም ደገፈችው። ሁለተኛው እንቅፋት የጋብቻው ውል ነው። ከዚህ ጋብቻ ልጅ ከተወለደ ሁለቱንም መንግሥታት ይወርሳል ይላል። ታዲያ የራይሙንዶ ልጅ የት ይግባ? ሕፃኑን በሰሜን ምዕራቡ ግዛቷ በጋሊሲያ ያሳድግ የነበረው የትራባው ባላባት ፔድሮ ፍሮይላዝ ይህን ሲሰማ ወዲያው አመፀ።

ጥያቄ፦ ባሏ ይደበድባት ነበር የሚባለው እውነት ነው?

የኮምፖስቴላው ዜና መዋዕል ንግሥቲቱን ራሷን እንዲህ ያናግራታል፤ በእጁ ፊቷን እንደመታት፣ በእግሩም እንደረገጣት ትናገራለች። ዜና መዋዕሉን ያስጻፈው በጋሊሲያ የምትገኘው የሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከተማ ጳጳስ ዲዬጎ ሄልሚሬዝ ነው። ይህን ሰው ልብ በሉት፤ ተመልሶ ይመጣል። ቃሉ የጸሐፊው ነው እንጂ የእርሷ ላይሆን ይችላል። ድርጊቱን ግን እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም፤ ሰውየው ቤተ መንግሥትንም እንደ ጦር ሰፈር ያስተዳድር ነበር። ልጅም አልወለዱም። ጥቂት ዓመት ሲታረቁና ሲጣሉ ቆይተው ጋብቻው ፈረሰ፤ ጦርነቱ ግን እስከ 1117ቱ ስምምነት ቀጠለ። ሰውየው ዳግመኛ ሳያገባ በ1134 ሲሞት መንግሥቱን ለኢየሩሳሌም የመስቀል ጦር ማኅበራት ተናዘዘ። ባላባቶቹ ኑዛዜውን አልተቀበሉትም። እርሱ ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወሬውን ዘለሉት! ፍቅረኞች ነበሯት አይደል?

አልዘለልኩም እህቴ፣ እየመጣሁ ነበር። ሁለት ሰዎች በስም ይነሣሉ። አንደኛው ኮንት ጎሜዝ ጎንሳሌዝ ነው፤ ከባሏ ጦር ጋር ካንዴስፒና ላይ ሲዋጋላት ሞተ። ሁለተኛው ኮንት ፔድሮ ጎንሳሌዝ ደ ላራ ነው። ከእርሱ ጋር ረጅም ዘመን ኖራለች፤ ሁለት ልጆችም ወልዳለታለች። እነዚህን ልጆች አልደበቀችም።

የሚገርመኝ የፍቅሩ ነገር ሳይሆን ፔድሮን አለማግባቷ ነው። ብታገባው ባል ነኝ ብሎ ዙፋኑን ይካፈላት ነበር፤ ያንን ከአራጎኑ ጋር አይታዋለች። አባቷም ቢሆን ዛይዳን ጨምሮ ስንቷን ይዞ ነበር፤ «ጀግና» እየተባለ ተቀበረ። እርሷን ግን መነኮሳቱ «ኤልዛቤል» ብለው ጻፉባት።

ጥያቄ፦ ሕዝብ ልብሷን ገፎ ጭቃ ላይ ጣላት የሚል አንድ ቦታ አንብቤአለሁ። ተረት ነው?

ተረት አይደለም። በ1117 ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሆነ ነው። ከተማይቱ የሐዋርያው ያዕቆብ አፅም አለበት እየተባለ ከመላው አውሮፓ ምእመናን የሚጎርፉባት፣ በዚያም የበለጸገች ናት። ጌታዋ ጳጳሱ ነው፤ ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ደግሞ ራሳችንን እናስተዳድር ይላሉ። ከካህናቱም አብረዋቸው ያበሩ ነበሩ። ኡራካ ቀደም ሲል ጳጳሱን ለማዳከም ከከተሜዎቹ ጋር ታርቃ ነበር። አሁን ከጳጳሱ ጋር ታረቀችና አብራው ገባች። ከተማው እንደተከዳ ቆጠረው።

ሁለቱ ወደ ካቴድራሉ የደወል ግንብ ሸሹ። አመፀኞቹ ከታች እሳት ለቀቁበት። «ንግሥቲቱ ከፈለገች ትውጣ፤ የቀሩት ይቃጠሉ» ብለው ጮኹ። በዋስትና ወጣች። ሕዝቡ ግን ተረባረበባት፤ ልብሷን ቀዳደዱት፤ ከደረቷ በታች ራቁቷን ጭቃ ላይ ወደቀች። አንዲት አሮጊት ድንጋይ ወርውራ ጉንጯን አቆሰለቻት። ጳጳሱ በበኩሉ የድሀ ካባ ለብሶ፣ መስቀል ይዞ በሕዝቡ መካከል ሾልኮ አመለጠ።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ነው ኡራካን ኡራካ የሚያሰኛት። የጠየቋትን ሁሉ እሺ አለች፤ ማለች፤ ለቀቋት። ከከተማው እንደወጣች ግን ጦሯን ከልጇ ጦር ጋር አሰባስባ ተመለሰችና ከተማይቱን ከበበች። ነዋሪዎቹ ምሕረት ለመኑ። መሪዎቹ ተሰደዱ፤ ከተማው ተቀጣ። በግዳጅ የተማለ መሐላ አያስርም ብላ ይሆናል፤ ካህናቱም አልወቀሷትም።

ጥያቄ፦ እናት ከገዛ ልጇ ጋር ተዋጋች ማለት ነው? ይህን መቀበል ይከብደኛል።

ልጁን ይዘው የተዋጉት ሌሎች ናቸው። በመስከረም 1111 ሄልሚሬዝና የትራባው ባላባት የስድስት ዓመቱን ልጅ ሳንቲያጎ ላይ «ንጉሥ» ብለው ቀቡት። የስድስት ዓመት ልጅ ምን ሊገዛ? የሚገዙት እነርሱ ናቸው። ኡራካ ልጁን ልትሽረው አልሞከረችም፤ ይልቁንም ከእጃቸው አውጥታ የራሷ ተባባሪ አደረገችው። በ1117 ቶሌዶን ሰጠችው። ድንበሩን ይጠብቃል፣ ከጋሊሲያ ሰዎችም ይርቃል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

እንቅፋቱ ደግሞ ከሮማ መጣ። በ1119 ፓፓ የሆነው ካሊክስቱስ 2ኛ የሟቹ የራይሙንዶ ወንድም፣ ማለትም የልጁ አጎት ነው። በ1120 የሄልሚሬዝን መንበር ወደ ሊቀ ጳጳሳት መንበር ከፍ አደረገለት። በ1121 ኡራካ ሄልሚሬዝን ብታስረውም ብዙም ሳይቆይ ለመፍታት ተገደደች።

ጥያቄ፦ ፖርቱጋልስ?

ፖርቱጋልን የያዘችው በአባት የምትገናኛት እህቷ ቴሬሳ ነበረች። እርሷም ስትታረቅና ስትሸፍት ኖራለች። የቴሬሳ ልጅ አፎንሶ ኤንሪኬስ ኋላ የፖርቱጋል የመጀመሪያው ንጉሥ ሆነ። በኡራካ ዘመን ግን ገና ቁርጥ ያለ መለያየት አልነበረም።

ጥያቄ፦ ለዚህ ሁሉ ጦርነት ገንዘብ ከየት አመጣች?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከቤተ ክርስቲያን ብር እየወሰደች በምትኩ መሬት ትሰጥ ነበር። በስሟ ገንዘብ አሳትማለች፤ በ1116 የሳሃጉን ገዳም አበምኔት ገንዘብ እንዲያሳትም ፈቅዳ ከትርፉ ድርሻዋን ትወስድ ነበር። የገዳም ጸሐፊዎች ለምን እንደጠሏት ለመረዳት ከፍቅረኞቿ ይልቅ ይህን የብር ጉዳይ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ኋላ የተወራው አፈ ታሪክም ይህንኑ ያሳብቃል፦ ሌዮን ከተማ ያለውን የሳን ኢሲዶሮ ቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳት ዘርፋ ስትወጣ፣ አንድ እግሯ ከደጃፉ ውጪ አንዱ ውስጥ ሳለ ፈንድታ ሞተች ይላል።

ጥያቄ፦ እውነተኛ አሟሟቷስ እንዴት ነበር?

መጋቢት 8 ቀን 1126 ሳልዳኛ ላይ ሞተች። አንድ ዜና መዋዕል ከጋብቻ ውጪ ባረገዘችው ልጅ ምጥ ሞተች ይላል። ዕድሜዋ ወደ አርባ ስድስት ይጠጋ ነበርና የማይሆን ነገር አይደለም፤ የጻፉት ግን ወዳጆቿ አልነበሩም። አሥራ ሰባት ዓመት ገዝታለች። በሰነዶቿ አንዳንዴ «የመላው ሂስፓንያ ንግሥት» ብላ ትፈርም ነበር። በዘመኗ ሙራቢቶች ቶሌዶን አልወሰዱም። መንግሥቱም አልጋ ወራሽ ሳይሻማበት ለልጇ ለአልፎንሶ 7ኛ ተላለፈ፤ እርሱም በ1135 ሌዮን ላይ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ዘውድ ጫነ። እንግሊዞች በዚያው ዓመት ንጉሣቸው ሲሞት ልጁን ማቲልዳን ለማንገሥ ቃል ገብተው ነበር፤ ዘውድ ሳትጭን ቀረች።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሌዮን ከተማ የኡራካን ጽዋ አይቼአለሁ። አስጎብኚው ጌታ በመጨረሻው እራት የያዘው ጽዋ ነው አለን። የእርሷ ነበር?

የእርሷ አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ይሳሳታል። በጥንት ዘመን ከከበረ ድንጋይ የተሠሩ ሁለት ጽዋዎች ናቸው፤ በወርቅና በዕንቁ አያይዛ ለሳን ኢሲዶሮ የሰጠችው በስም ሞክሼዋ የሆነችው አክስቷ ናት። «ቅዱሱ ጽዋ ይህ ነው» የሚለው ነገር የወጣው በ2014 ሁለት ስፔናውያን ተመራማሪዎች ባቀረቡት መላ ምት ነው፤ ሙዚየሙም ከሰው ብዛት የተነሣ ጽዋውን ለጊዜው አንሥቶት ነበር። ባለቤቷን ግን ጽዋው ራሱ ይናገራል፦ «ኡራካ፣ የፈርዲናንድ ልጅ» የሚል የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። የእኛዋ የአልፎንሶ ልጅ ናት። እርሷን ከፈለጉ ወደዚያው ሕንፃ የነገሥታት መቃብር ክፍል ይዝለቁ፤ ጣሪያው በሥዕል የተሸፈነው ነው። የናፖሊዮን ወታደሮች በ1808 ገብተው መቃብሮቹን ስለበረበሩ ግን የአጥንቱን ነገር አይጠይቁኝ።