ደብዳቤውን ፈርመው ስለተቀበሉ ባለዕዳ አይሆኑም

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባሕር ዳር ላይ ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት ያመላልስ ነበር። ጎብኚ ሲጠፋ ከሰረ፤ ጀልባዎቹን ሸጦ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገባ። ባለፈው ሳምንት የገቢዎች ሠራተኛ የግብር ዕዳ ማስታወቂያ ቤት ድረስ አምጥቶ እኔ ፈርሜ ተቀበልኩ። እኔ መምህርት ነኝ፤ የምንኖረውም ከአባቴ በወረስኩት ቤት ነው። ዕዳው ወደ እኔ ዞረ ማለት ነው? ቤቱንስ ይወስዱብኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የፈረሙት ወረቀቱ መድረሱን ለማረጋገጥ እንጂ ዕዳውን ለማመን አይደለም። ደብዳቤውን ያውጡና ከላይ የተጻፈውን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይመልከቱ። የባለቤትዎ ከሆነ ግብር ከፋዩ እሳቸው ናቸው።

ይህ ማለት ግን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ይተኛሉ ማለት አይደለም። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ከፋዩ መኖሪያ የተተወ ማስታወቂያ ለራሱ እንደደረሰው ይቆጠራል፤ የ21 ቀኑ የቅሬታ ጊዜም መቆጠር የሚጀምረው ከዚያው ነው። የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልሉ ገቢ በመሆኑ በእርስዎ ጉዳይ የሚሠራው የክልሉ ሕግ ነው፤ የተቀረጸው ግን በዚሁ አምሳያ ነው። ስለዚህ ለባለቤትዎ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው። መምጣት ካልቻሉ እዚያው አዲስ አበባ በሰነዶች ማረጋገጫ ቀርበው ውክልና ይስጡዎት። ያለ ውክልና የሚያስገቡት ቅሬታ «ጉዳዩ የእርስዎ አይደለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ቀኑ ደግሞ እርስዎ እስኪመላለሱ አይጠብቅም።

«ከሰረ» ስላሉት አንድ ነገር ልበል። ቢሮዬ ከሚመጡት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ይህን ቃል እንደ ጋሻ ይይዙታል። በሰፈር ቋንቋ የከሰረ ሰው ገንዘቡ ያለቀበት ነው፤ በንግድ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ግን ኪሳራ የሚታወጀው በፍርድ ቤት ነው። ውሳኔ ካለ የገቢዎች መሥሪያ ቤት እንደ ሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች በዚያው መዝገብ ይቀርባል። ከሌለ ባለቤትዎ ዕዳ ያለባቸው ነጋዴ ናቸው፤ በቃ። የንግድ ፈቃዳቸውን ካልመለሱማ በመዝገቡ ላይ ዛሬም ታና ላይ ጎብኚ እያመላለሱ ነው። ደብዳቤው ላይ የተዘረዘሩትን የግብር ዘመኖች ጀልባዎቹ ከተሸጡበት ውል ጋር ያስተያዩ። ከሽያጩ በኋላ ላሉት ዓመታት ግብር ተሰልቶ ከሆነ፣ ጥሩ የቅሬታ ነጥብ አገኙ።

ወደ ንብረቱ ስንመጣ፣ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) በውርስ ያገኙት ንብረት የግል ነው። የአንዱ ተጋቢ ዕዳ በቅድሚያ ከራሱ የግል ንብረት፣ ያ ካልበቃ ከጋራ ንብረት ይከፈላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ፦ ደመወዝዎ የጋራ ነው። የባንክ ደብተሩ በእርስዎ ስም ብቻ መሆኑም ይህን አይለውጠውም።

ዕዳው ለትዳሩ ጥቅም የተገባ ከተባለ ደግሞ አንድነትና ነጠላ ኃላፊነት፣ ማለትም ሙሉው ዕዳ ከሁለታችሁ ከየትኛችሁም ሊጠየቅ የሚችልበት ኃላፊነት፣ ይመጣና የግል ንብረትዎም ሊነካ ይችላል። ቤተሰቡ የኖረው ከጀልባው ገቢ ነው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። በእኔ እምነት የንግድ ትርፍ ግብር ለቤት አስቤዛ ከተወሰደ ብድር ጋር አንድ አይደለም፤ ቢሆንም ክርክሩን በቀላሉ አልንቀውም።

«በወረቀት ተፋቱ» የሚል መካሪ ከመጣ ቡና አጠጥተው ይሸኙት። ፍቺ ያለፈውን ዕዳ አይሰርዝም፤ ለማስመሰል የተደረገ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

አሁን የሚያስፈልግዎት የወራሽነት ማስረጃውና የቤቱ ካርታ ነው። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት፣ ማስረዳቱ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። ካርታው በማን ስም ነው? በአባትዎ ስም ከቀረ ስሙን የማዛወሩን ሥራ ይጀምሩ። በሁለታችሁ ስም ዞሮ ከሆነ ግን ክርክሩ ስለሚከብድ፣ ቅሬታውን ከማስገባትዎ በፊት ካርታውን ይዘው ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ።