ቱቶሪያል ማለት ምንድነው? ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቃል ላይ ነው የሚያርፉት፣ ቱቶሪያል። ቲቶሪያል ብሎ የፃፈም አለ፣ ያው ነው ችግር የለውም።

«የልጄ ትምህርት ቤት ለ8ኛ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ቱቶሪያል አለ ክፈሉ አለን። ከማጠናከሪያ በምን ይለያል?» (እናት፣ ከሆጤ)

እታለም፣ የሚለያዩት በስም ብቻ ነው፣ የማጠናከሪያ ትምህርት የምንለውን ነው ቱቶሪያል የሚሉት። ግን ከመክፈልሽ በፊት ክፍሉ ውስጥ ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ ጠይቂ። 60 ልጅ ተሰብስቦ መምህሩ የሰኞውን ትምህርት ቅዳሜ ከደገመው እሱ ሌላ ክላስ ነው እንጂ ቱቶሪያል አይደለም፣ ቱቶሪያል የሚባለው ልጁ ራሱ ሰርቶ የተሳሳተባት ቦታ ስትታይለት ነው።

ድሮ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ልጅ አስጠና ነበር፣ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው ስለው ላዩን ከላይ ታቹን ከታች ደምሮ 2/5 ብሎ ፃፈ። ምንም ሳልል ዳቦ አስመጣሁና ግማሹን ቆርሼ ሰጠሁት፣ ከሌላ እኩያ ዳቦ ደሞ ሲሶውን ጨመርኩለት፣ አሁን ከግማሽ በላይ ነው በታች ያለህ? አልኩት። በላይ አለ። 2/5ስ? ትንሽ አሰበና ከግማሽ ያንሳል አለ፣ ላጲሱንም ራሱ አነሳ። 5/6 እስኪደርስ ብዙ ፈጅቶብናል ግን ከዛ በኋላ ተሳስቶባት አያውቅም። 60 ልጅ ባለበት ክፍል እኮ ያቺ ስህተት ኤክስ ተደርጋባት ታልፋለች በቃ።

«ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ኮርስ አውትላይኑ ላይ ሌክቸር፣ ቱቶሪያል፣ ላብ ተብሎ ሰአቱ ተከፋፍሏል። ቱቶሪያሉን ብቀርስ?»

ኧረ አትቅሪ። ሌክቸር ላይ ጥያቄውን የሚፈታው መምህሩ ነው፣ ቱቶሪያል ላይ አንቺ ነሽ። ወርክሺቱን (የጥያቄ ወረቀቱን) ማታ ሞክሪውና የቆምሽበት መስመር ላይ ምልክት አድርገሽ ሂጂ፣ ባዶ ወረቀት ይዞ የሄደ ተማሪ መልሱን ገልብጦ ነው የሚመለሰው።

«ቃሉ ከየት መጣ? እኛስ ጋ ነበረ እንዴ?» (ከቧንቧ ውሃ)

ይሄን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። ላቲን ነው፣ ቱቶር ማለት ጠባቂ ማለት ነው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንግሊዝኛው ላይ ቱተር የሚለውን አማርኛው ሞግዚት ነው የሚለው። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቱቶሪያል የሚባለው አንድ መምህር ከሁለት ከሦስት ተማሪ ጋ ቁጭ ብሎ ተማሪው ያዘጋጀውን ስራ የሚነጋገሩበት ነው፣ ካምብሪጅ ደሞ ይሄንኑ ሱፐርቪዥን ይሉታል።

ስሙ ይምጣ እንጂ ስራው እኛ ጋ ነበረ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ የኔታም ቤት የጎደለበትን ምስጢር የሳተበትን እዛው ያርሙለታል። ወሎ ውስጥ ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ተቀምጦ እያነበበ ይማራል፣ ሲስት ሸኹ ያስቆሙታል። ሁለቱም ጋ ተማሪው አፉን ከፍቶ ነው የሚማረው፣ እኔ ቱቶሪያል የምለው ይሄንን ነው። ልጆቻችን ቃሉ የውጭ ስለሆነ ነገሩም የውጭ ይመስላቸዋል፣ ያሳዝነኛል።

«ቱቶሪያል የሚያስተምረው ሰው ምን ይባላል?»

ቱተር፣ ቱቶር፣ ቤት እየመጣ ከሆነ አስጠኚ። እኔ አስጠኚን እመርጣለሁ።

«ፒያሳ ሱቅ አለኝ፣ ኤክሴል በዩቲዩብ ቱቶሪያል እያየሁ ነው። ሳየው ይገባኛል፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ግን ሁሉም ጥፍት።»

አብሽር ወንድሜ፣ ያንተ ድክመት አይደለም። ቪዲዮ ስትሳሳት አያይህም፣ ስለዚህ ስህተትህን ራስህ መፈለግ አለብህ። አንድ እርምጃ እይ፣ አስቁመው፣ ስራው፣ ካልሆነልህ መልሰህ እይ። ቪዲዮው ላይ ያለውን የማታውቃቸውን ሰዎች ዝርዝር ተወውና የራስህን የዱቤ ደብተር አንድ ገፅ አስገባ፣ ምክንያቱም የዛን ድምር በእጅህ ደምረህ ታውቀዋለህ። ሰም (SUM) የሚለውን የመደመሪያ ፎርሙላ ስትሰጠው ድምሩ ካነሰ ሴሎቹን (ሳጥኖቹን) አንድ በአንድ እያቸው፣ «350 ብር» ብለህ ከነፊደሉ የፃፍክበት ካለ ኤክሴል እንደ ፅሁፍ ስለሚያየው አይደምረውም። ብር የሚለውን አጥፋና ቁጥሩን ብቻ ተው።