ወፎች ከአውሮፕላን ላይ እንዴት ይቆጠራሉ?

ጥያቄ፦ ጣና ዳር የውኃ ወፎችን በርቀት መነጽር የሚቆጥሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ በሌላ አገር ግን ቆጠራው በአውሮፕላን እንደሚካሄድ ሰማሁ። በዚያ ፍጥነት የሚያልፍ ሰው መንጋውን እንዴት በትክክል ይቆጥራል? ለጣናስ ይበጃል?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከአውሮፕላን ላይ አንድ በአንድ የሚቆጥር የለም። ቆጣሪው መጀመሪያ ዐሥር ወፍ ይቆጥርና የያዙትን ስፋት በዓይኑ ይለካል፤ በዚያው ልክ መቶውን፣ ሺሁንም ይገምታል። ለመጻፍ ጊዜ ስለሌለው ዓይኑን ከውኃው ሳይነቅል ቁጥሩንና የወፉን ዓይነት ለድምፅ መቅረጫ ይናገራል። ሰፌድ ላይ ሽምብራ በትነው ገምተው፣ ከዚያ ቢቆጥሩት ነገሩ ይገባዎታል፤ ብዙ ሲሆን ግምታችን አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፤ በመንጋም ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

በምሥራቅ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በየዓመቱ በኦክቶበር ወር፣ እያንዳንዳቸው 30 ኪሎ ሜትር ስፋት ባላቸው 10 መስመሮች ላይ ትንሽ አውሮፕላን ከ30 እስከ 46 ሜትር ከፍታ ዝቅ ብላ ትበርራለች፤ ሁለት ቆጣሪዎችም ግራና ቀኙን ይይዛሉ። እዚያ አውሮፕላን የግድ የሆነው፣ በመሀል አገር ያሉት ረግረጎች ጎርፍ በመጣ ዓመት ብቻ ስለሚሞሉና ወፎቹም ውኃውን ተከትለው እጅግ ሩቅ ድረስ ስለሚሄዱ ነው። የደቃቅ ወፎችን ዝርያ ከላይ መለየት ስለሚያስቸግር በጅምላ ይመዘገባሉ። ሆኖም መስመሩ፣ ወሩና አሠራሩ ስለማይለወጡ የዘንድሮውን ከአምናው ማነጻጸር ይቻላል፤ ለእኔ የቆጠራው ዋና ዋጋ ይህ ነው።

ወደ ጣና ስንመጣ፣ በገላጣው ውኃ ላይ ያለ የፔሊካን መንጋ ከአየር በደንብ ይታያል፤ ደንገል ውስጥ የተሸሸገውን ግን በታንኳ ቀስ ብሎ የሚቀርብ ሰው ነው የሚያገኘው። ከአውሮፓና ከእስያ ለበጋው የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ደግሞ ቀን በታጨደ ማሳ ላይ ቃርሚያ ሲለቅሙ ይውሉና፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተሰልፈው ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ለአዳር ይመለሳሉ። እንግዲህ በፎገራ ሜዳ ማደሪያቸውን የሚያውቅ ሰው አመሻሽ ላይ ቆሞ ሰልፉን ቢቆጥር፣ በላያቸው ዝቅ ብሎ ከሚያልፍና ከሚያስበረግጋቸው አውሮፕላን የተሻለ ቁጥር ያገኛል ብዬ አምናለሁ። አውሮፕላን የሚያስፈልገን ያልታወቁ ማደሪያዎችን ለማግኘትና እንቦጭ የሸፈነውን ስፋት ለማየት ነው።

እርስዎም መቁጠር ቢፈልጉ፣ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ስፍራ ይቁጠሩ፤ ሰዓቱን ይጻፉ፤ አንድም ወፍ ያልመጣበትን ምሽት «0» ብለው ይመዝግቡ።