ለጥንዚዛው ስም ከመስጠታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

የምኖረው ጀርመን ነው፤ ሥራዬም የጫካ ነፍሳትን ማጥናት ነው። በጋ በመጣ ቁጥር አንዳንዶቻችሁ አበባ ላይ ያገኛችሁትን ጥንዚዛ ፎቶ አንስታችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ትሉኛላችሁ። በጣም ደስ ይለኛል። ግን ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የሚነግራችሁን ስም ከመቀበላችሁ በፊት ጥንዚዛውን ራሱን በደንብ እዩት።

አበባ የሚያዘወትሩት ባለረጅም ቀንድ ጥንዚዛዎች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዣንጥላ የመሰሉ ነጭ አበቦች ላይ አይጠፉም። የካሮትና የእንስላል ዘመዶችን ማለቴ ነው። የአበባውን ዱቄት የሚበሉትም፣ የሚገናኙትም እዚያው ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ከነዚህ ዕፅዋት ከሰው ቁመት የሚበልጠው ዓይነት ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ክፉኛ ያቃጥላል። በባዶ እጅ አትንኩት።

ቀለም ብቻውን አይበቃም። ሩትፔላ ማኩላታና ሌፕቱራ ኳድሪፋሺያታ የተባሉት ባለረጅም ቀንድ ዝርያዎች ሁለቱም ቢጫ ላይ ጥቁር ጣል ጣል ያለባቸው፣ ከሩቅ ተርብ የሚመስሉ ናቸው። እግራቸውንና ቀንዳቸውን እዩ። የመጀመሪያው ቀንዱ ቢጫና ጥቁር ይፈራረቅበታል፤ እግሩም አብዛኛው ቢጫ ነው። የሁለተኛው እግር ጥቁር ነው።

ስቲክቶሌፕቱራ ሩብራ ደግሞ ይብሳል። ሴቷ ክንፏም የደረቷ ጋሻም ቀይ ነው። ወንዱ አነስ ይላል፤ ጋሻው ጥቁር፣ ክንፉ ቢጫማ ቡናማ ነው። ጎን ለጎን ብታዩአቸው ባልና ሚስት ናቸው ብላችሁ አትገምቱም። ዝርያውን ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ሰይሞታል።

እዚያው አበባ ላይ ክንፈ ለስላሳ፣ ቀላ ያለ ሌላ ጥንዚዛም ታገኛላችሁ። ቀንዱም ረዘም ስለሚል ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔ የምተማመነው በእግር ጫፍ ነው። አጉሊ መነጽር አምጡና አንጓዎቹን ቁጠሩ። ባለረጅም ቀንዱ አራት ብቻ ያሉት ይመስላል፤ አንዷ በጣም ትንሽ ስለሆነች ሦስተኛው፣ ለሁለት የተከፈለው አንጓ ውስጥ ተሸሽጋለች። በለስላሳ ክንፉ ላይ ግን አምስቱም ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ዙሪያውን ያለውን እንጨትም መዝግቡ። እጮቹ የሚያድጉት በሞተ እንጨት ውስጥ ነው፤ የሩብራ በጥድና በመሰል ዛፎች ጉቶ፣ የማኩላታ በብዛት ሰፋፊ ቅጠል ባላቸው ዛፎች እንጨት። የወደቀ ግንድ «ቆሻሻ» ተብሎ ከጫካ ሲጠረግ ከልቤ የማዝነው ለዚህ ነው። ጫካው ንጹሕ ይመስላል እንጂ እጮቹ ቤት አጥተዋል።

ስለዚህ ፎቶውን ከላይም ከጎንም አንሱ፤ ቀንዱና የኋላ እግሩ በግልጽ ይታዩ። ቀኑን፣ ቦታውንና አበባውን ጻፉ። እግሩ ካልታየ ግን ከቤተሰቡ ስም አትለፉ። «ባለረጅም ቀንድ፣ ዝርያው ያልተለየ» በሉና ተዉት፤ እግሩ የሚታይበት ሌላ ፎቶ ስታገኙ ያኔ ትጨምሩበታላችሁ።