ከኮሌጅ ቤዝቦል ወደ ሜጀር ሊግ፦ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ ኮሌጅ ቤዝቦል ትንሽ ጽፌ ጥያቄው በዛ፤ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። የሜጀር ሊጉ (የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ቡድን ናሽናልስ በ2005 (ቀኑም ዓመቱም ሁሉ በፈረንጅ ነው) ዋሽንግተን ከገባ ጀምሮ ጨዋታ አያመልጠኝም፤ ልጄም ኮሌጅ ድረስ ወርዋሪ ነበር። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ድራፍት ላይ፣ ማለት የሜጀር ሊግ ቡድኖች በየዓመቱ በየተራ አዲስ ልጅ በሚመርጡበት ላይ፣ መመረጥ ሜጀር ሊግ መግባት አይደለም።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። ድራፍት ሊመረጥ ይችላል እያሉኝ ነው። ይፈርም ወይስ ኮሌጅ ይሂድ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ደንቡን ልንገርሽ። ሃይስኩል ሲጨርስ ሊመረጥ ይችላል። አልፈርምም ብሎ የአራት ዓመት ኮሌጅ ከገባ ግን ሦስተኛ ዓመቱን እስኪጨርስ ወይም 21 እስኪሞላው ድረስ ማንም ሊመርጠው አይችልም። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ከገባ ይህ ገደብ የለበትም።

አሁን አሮን ጃጅን እዪ። በ2010 ከሃይስኩል ሲወጣ ኦክላንድ በ31ኛው ዙር መረጠው። እምቢ ብሎ ፍሬዝኖ ስቴት ገባ። ሦስት ዓመት ተምሮ፣ ተጫውቶ፣ ጎልምሶ በ2013 ያንኪስ በመጀመሪያው ዙር ወሰደው፤ ከሁሉም 32ኛ ሆኖ ማለት ነው። በ2022 ደግሞ 62 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳ የሚያስወጣ ምት) መታ። ያኔ በ18 ዓመቱ ፈርሞ ቢሆን ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም አያውቅም። ኮሌጁ ግን አላዘገየውም።

የሚሰጡት ብር የቤተሰቡን ኑሮ የሚለውጥ ካልሆነ ኮሌጅ ይሂድ እላለሁ። ይፈርም ካላችሁም፣ ቤዝቦሉን ሲተው የትምህርቱን ወጪ ቡድኑ እንዲችል ውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል ተስፋ ተሰጥቶን ነበር የሚሉ ወላጆች አውቃለሁ። በቃል የተባለ ነገር አይቆጠርም።

ዳላስ ነኝ፦ ተመርጦ ከፈረመ በኋላ ሜጀር ሊግ ለመግባት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ብዙው ጭራሽ አይገባም። ድራፍቱ ከ2021 ጀምሮ 20 ዙር ነው፤ በየዓመቱ 600 ያህል ልጅ ይመረጣል። ሜጀር ሊግ 30 ቡድን ነው፤ አንዱ ቡድን 26 ተጫዋች ይይዛል። በአጠቃላይ 780 ቦታ፣ እሱም ባለቤት ያለው። አዲሱ ልጅ ማይነር ሊግ ገብቶ ከታች ከሲንግል ኤ እስከ ትሪፕል ኤ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። በአንድ ዓመት የጨረሰ አለ፤ ስድስት ዓመት በአውቶቡስ ተንከራትቶ ወደ ቤቱ የተመለሰም አለ።

የኳስ ፍቅር፦ ከኮሌጅ ከወጡት ሁሉ በጣም ጎበዙ ማነው?

ጎበዝ በምኑ? በመምታት? በመወርወር? በየትኛው ዘመን? ጥያቄውን አጥብበህ ተመለስ።

ቁጥር 37፦ ስለ ስትራስበርግ ንገረን። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት ኋላ ነው፤ ዋንጫውን ብቻ ነው የማውቀው።

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስቲቨን ስትራስበርግ ሃይስኩል ሲጨርስ ማንም አልመረጠውም። ሰውነቱም ከብዶ ነበር። ሳንዲያጎ ስቴት ገባ። አሰልጣኙ ቶኒ ግዊን ነበር፤ እሱ ራሱ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቤዝቦልም ቅርጫት ኳስም ተጫውቶ፣ ለፓድሬስ ብቻ ተሰልፎ 3,141 ሂት (መትቶ በሰላም ቤዝ መድረስ) የመታ ሰው። ልጁ እዚያ ተለወጠ። በ2008 ከዩታ ጋር ባደረገው አንድ ጨዋታ 23 መቺ በስትራይክአውት አሰናበተ (መቺው ሲስት ወይም መምታት የሚገባውን ሲያሳልፍ ስትራይክ ነው፤ በሦስተኛው ይወጣል)። በ2009 ናሽናልስ ከሁሉም አንደኛ አድርጎ መረጠው።

ሰኔ 8 ቀን 2010 የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። ከፒትስበርግ ጋር፣ እዚሁ ዋሽንግተን። እኔ ላይኛው ፎቅ ተቀምጫለሁ። ሁለት ስትራይክ በያዘ ቁጥር ስታዲየሙ በሙሉ ብድግ ይላል፤ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ፈረንጅ በእርሳስ የሚመዘግቡበትን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አድርገው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰባት ኢኒንግ (ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ነው)፣ 14 ስትራይክአውት፤ የመጨረሻዎቹን ሰባት መቺዎች በተከታታይ ነው ያሰናበታቸው። ያን ቀን ቤት ገብቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያው ዓመት ክርኑ ተጎዳ። ቶሚ ጆን የሚባለው ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ የተበጠሰውን የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ጅማት መተካት ነው። በ2012 ቡድኑ እጁን ለማዳን ብሎ ውድድሩ ሳያልቅ አስቆመው፤ ከተማው በሙሉ ተጨቃጨቀ። በ2019 ግን በወርልድ ሲሪስ (በሜጀር ሊጉ የዋንጫ ፍጻሜ) ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ከዚያ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከውሉ በኋላ ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው የወረወረው። በ2024 ጫማውን ሰቀለ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለወላጆች ነው። የወርዋሪ እጅ ያልቃል።

ዳላስ ነኝ፦ ብራይስ ሃርፐርም ከኮሌጅ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ ነው አይደል?

የሚኒሶታው፦ እሱ የኮሌጅ ተጫዋች አይባልም! የሃይስኩል ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሶ የመልቀቂያ ፈተና ተፈተነና ለድራፍቱ ብሎ አንድ ዓመት የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ። የኮሌጅ ተጫዋች ከፈለግህ የእኛን ዴቭ ዊንፊልድ ጥራ።

ዳላስ ነኝ፦ ተመዝግቦ፣ ማልያ ለብሶ ተጫውቷል። ከዚህ በላይ ምን ይሁን? አልበርት ፑሆልስስ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ አይደል የመጣው?

የሚኒሶታው፦ ፑሆልስ ሌላ ነው። ሃርፐር አቋራጭ ነው የወሰደው።

ይብቃችሁ። ሃርፐር የኮሌጅ ተጫዋች ነው፤ እንዲያውም ያ ኮሌጅ ይጫወትበት የነበረው ሊግ እንደ ሜጀር ሊግ በእንጨት ዱላ ይመታ ስለነበር ነው የጠቀመው። ፑሆልስም ነው፤ በ1999 በ13ኛው ዙር 402ኛ ሆኖ ተመረጠ። ማይክ ፒያዛ ከማያሚ ዴድ ወጥቶ በ62ኛው ዙር ተመርጦ የዝና አዳራሽ ገብቷል። ስለ ዊንፊልድ ግን የሚኒሶታው እውነቱን ነው። በ1973 በቤዝቦል፣ በቅርጫት ኳስና በአሜሪካን ፉትቦል ተመርጦ፣ ማይነር ሊግን ሳይረግጥ በቀጥታ ለፓድሬስ ተሰለፈ። እንደሱ ዓይነት በጣት የሚቆጠር ነው። ልጆቻችሁን በእሱ አትለኩ።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ስካውት (ለቡድን ተጫዋች የሚመለምል) አይቶታል። ሜጀር ሊግ ይገባል?

ወንድሜ፣ ከላይ ያለውን አንብብ። ስካውት ማየቱ ሥራው ነው። መታየት መመረጥ አይደለም፤ መመረጥም መግባት አይደለም።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እሺ፣ ስኮላርሺፕስ? ሙሉ ይሰጡታል?

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዓመት አንድ የቤዝቦል ቡድን የነበረው 11.7 ስኮላርሺፕ ብቻ ነው። እሱን እስከ 27 ልጅ ይካፈለው ነበር። ሙሉ የሚያገኘው ጥቂቱ ነው። ከ2025 ወዲህ ተጫዋቾች ከስሰው የተደረሰበትን አዲሱን የኮሌጅ ስፖርት ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች ገደቡ ተነስቶላቸው በምትኩ ቡድኑ 34 ተጫዋች ላይ ተወስኗል። ገደቡ ተነሳ ማለት ግን ሁሉም ሙሉ ይከፍላል ማለት አይደለም። "ስንት ፐርሰንት ነው? ለስንት ዓመት?" ብለህ ጠይቅ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበል።

የኳስ ፍቅር፦ ዘንድሮ ዋንጫውን ማን ይበላል?

ትንበያ አልሰጥም።

እናት ከአሌክሳንድሪያ፦ ጋሼ፣ የወርዋሪ እጅ ያልቃል ያሉት አስፈራኝ። ታናሹ 11 ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ይወረውራል።

ሁለቱንም ቀን? በፍጹም እንዳታደርጊው። የሜጀር ሊጉ መመሪያ ለ11 እና ለ12 ዓመት ልጅ በቀን ከ85 ውርወራ አይለፍ ይላል። 66 ወይም ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። የእኔ ልጅ በ13 ዓመቱ አሰልጣኙ ቅዳሜ አስወርውሮት እሁድ ደግሞ አስገባው። እኔም አላወቅሁም፤ ቆሜ አጨበጨብኩ። ማታ እራት ላይ ማንኪያውን በሌላ እጁ ሲይዝ ነው የገባኝ። ስምንት ወር ቆመ። አንቺ ደብተር ያዢ፤ ውርወራውን ራስሽ ቁጠሪ። አሰልጣኙ ቢከፋው ይክፋው።

ዳላስ ነኝ፦ ፖል ስኪንስስ?

ከአየር ኃይል አካዳሚ ወደ ኤልኤስዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ተዛውሮ በ2023 ኦማሃ ላይ የኮሌጁን ዋንጫ በላ። በዚያው ክረምት አንደኛ ተመረጠ፤ ሁለተኛው የቡድን ጓደኛው ዲላን ክሩስ ነው፣ እሱ ወደ እኛ መጣ። ስኪንስ በግንቦት 2024 ሜጀር ሊግ ገባ። ዓመት አልሞላውም። እንደ ዊንፊልድ ሁሉ እሱም ልዩ ነው።

አንዲት እናት፦ እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የ8 ዓመት ልጄ ሲወለድ ጀምሮ ቀኝ እጁ ላይ ጣት የለውም። ቤዝቦል እጫወታለሁ ይለኛል። እንዳያዝንብኝ ብዬ ዝም አልኩት። ልከልክለው?

እህቴ፣ አትከልክይው። ጂም አቦት ያለ ቀኝ መዳፍ ነው የተወለደው። ከሃይስኩል ቶሮንቶ መርጦት ነበር፤ እሱ ግን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1988 በሶል ኦሎምፒክ የፍጻሜውን ጨዋታ ጃፓን ላይ ወርውሮ አሸነፈ። በ1989 ማይነር ሊግ ሳይገባ በቀጥታ ለኤንጀልስ ተሰለፈ። መስከረም 4 ቀን 1993 ደግሞ በያንኪስ ማልያ ክሊቭላንድን አንድም ሂት ሳያስመታ ጨረሰ።

እንዴት እንደሚያደርገው ልንገርሽ። ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። በግራ ይወረውራል። ኳሷ ከእጁ እንደወጣች ግራ እጁን ጓንቱ ውስጥ ይከታል፤ ተመትታ ብትመጣ ይቀልባል ማለት ነው። ከቀለበ በኋላ ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ከደረቱ ጋር እቅፍ አድርጎ ይይዘውና እጁን ከነኳሷ መዝዞ ይወረውራል። ልጅ ሆኖ ይህን የተለማመደው ኳስ ከግድግዳ ጋር እያጋጨ ነው። እያደር ወደ ግድግዳው ይቀርባል፤ በቀረበ ቁጥር እጁ መፍጠን አለበት።

የጎማ ኳስና ልኩ የሆነ ጓንት ግዢለት። መጀመሪያ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ይቁም።