ከዕቃው በፊት ቁልፉን አስተካክሉ

ውድ ወጣት የሞተር ሳይክል ጠጋኞች፣

የፊት አሞርዛተር (የፊት ጎማውን ይዞ ንዝረት የሚያበርደውን ቱቦ) ስትፈቱ ሥራውን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የዕቃው እልከኝነት ሳይሆን የያዛችሁት ቁልፍ መሆኑን እንድትረዱልኝ እወዳለሁ። የአሞርዛተሩ ክዳን በብዙ ሞተሮች ላይ ከአልሙኒየም የተሠራ ነው፤ ቁልፍ የሚይዘው ባለ ስድስት ማዕዘን ክፍልም ቁመቱ አንዳንዴ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ቡሶላ (ብሎን ላይ የሚጠለቅ ክብ ቁልፍ) ደግሞ በቀላሉ እንዲገባ አፉ ከውስጥ በኩል ሰያፍ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ከዚያች አጭር ቁመት ላይ ጥሩውን ክፍል ሳይጨብጥ ይቀርና ጉልበት ሲጨመርበት ተንሸራቶ ማዕዘኑን ይበላዋል። ስለዚህ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ ገዝታችሁ፣ ሰያፉ እስኪጠፋ ድረስ አፉን ቶርኖ ቤት አስላጡት። ስካርፔሎና መዶሻ ግን ክዳኑ አጠገብ እንዳይደርሱ አደራ እላለሁ።

የክዳኑ መፍቻ 17 ሚሊሜትር የብሩጎላ ቀዳዳ (ቁልፉ ወደ ውስጥ የሚገባበት ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ) ከሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ጭንቅላቱ 17 ሚሊሜትር፣ የግንዱ ውፍረት 10 ሚሊሜትር የሆነ ብሎን ፈልጉ፤ ሁለት ዳዶ አስገብታችሁ እርስ በርስ አጥብቋቸው፤ ከዚያም ብሎኑን ገልብጣችሁ ጭንቅላቱን ቀዳዳው ውስጥ ክተቱት። ስትፈቱ ቁልፉን ለጭንቅላቱ በሚቀርበው በታችኛው ዳዶ ላይ አድርጉ፤ የላይኛውን ካዞራችሁ የሚፈታው ክዳኑ ሳይሆን ዳዶው ራሱ ነው።

ቅደም ተከተሉም የመሣሪያውን ያህል ዋጋ አለው። ክዳኑን ከመንካታችሁ በፊት አሞርዛተሩን ከላይ አንቆ የያዘውን ብሎን አላሉ፤ እርሱ እንደጠበቀ ክዳኑን ማስገደድ የሚጠመዘዝበትን ጥርስ ይጎዳል። ከአሞርዛተሩ ሥር ያለውንም ብሎን፣ በውስጡ ያለው ሞላ ከላይ በክዳኑ ተጭኖ ሳለ ቀድማችሁ ብታላሉ፣ ውስጥ ያለው ዘንግ አብሮ እየዞረ አያስቸግራችሁም። ክዳኑን ጨርሳችሁ ስታወጡ ግን ሞላው ወደ ላይ ሊያስፈነጥረው ስለሚችል፣ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሞተሩ በሚገባ ተደግፎ ይቁም፤ ፊታችሁንም ከላዩ አርቁ።

ማዕዘኑ አስቀድሞ ተበልቶ ከደረሳችሁ ክዳኑን ማሻሻል ተገቢ ነው። ቁልፍ የሚይዘው ክፍል ከፍ ያለ አዲስ ክዳን ቶርኖ ቤት አሠሩ፤ ጥርሱና የጎማ ቀለበቱ ማረፊያ ግን ከዋናው አንዳች ልዩነት እንዳይኖራቸው በካሊፐር ለኩ። መሪው ከክዳኑ በላይ በሚያልፍባቸው ሞተሮች ላይ፣ የተጨመረው ቁመት መሪውን እንዳይነካ ከማሠራታችሁ በፊት ክፍተቱን መለካት አትርሱ።