ጥያቄና መልስ፦ ኦርጋኑ ከፍላሽ ሲጫወት ቅባት የለውም ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ፓስተር ጌታ ይባርክዎ። ያለሁት ቤይሩት ነው፣ ሰው ቤት ነው የምሰራው። እሁድ ኦፍ ያገኘን እህቶች ተሰብስበን እናመልካለን፣ ወደ 20 እንሆናለን። ኦርጋን ትጫወትልን የነበረችው እህት ጠቅልላ አገር ቤት ስትገባ 16 መዝሙር ኦርጋኑ ላይ ሪከርድ አድርጋ በፍላሽ ትታልን ሄደች፣ አሁን ፕሌይ እያልን ነው የምንዘምረው። ግማሾቹ ማሽን ነው ቅባት የለውም ይላሉ፣ ግማሾቹ ደሞ ፍላሹ ካልተሰካ አንጀምርም ይላሉ። ባለፈው እሁድ እናቷ አገር ቤት ያረፈችባት እህት መዝሙሩ መሀል ስታለቅስ ኦርጋኑ ዝም ብሎ ቀጠለ፣ እኔም ደንግጬ አላቆምኩትም። ሌላው ደሞ ኦርጋኑ ጋ የምቆመው እኔ ስለሆንኩ እንግዳ ሲመጣ እጄን ቁልፎቹ ላይ አድርጌ የምጫወት እመስላለሁ፣ የሚሰማው ግን የሷ ነው። ኃጢአት ነው ወይ? ህሊናዬን ከበደኝ።

መልስ፦ እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። መሳሪያ ለአምልኮ ይሆናል ወይ የሚለው ውስጥ አልገባም፣ እሱን ታውቂዋለሽ። እኔን የያዘችኝ "ቅባት የለውም"፣ ማለትም የመንፈስ ቅዱስ ኃይል የለበትም፣ የምትለዋ ቃል ነች፣ በአገልግሎት ዘመኔ ስንት ቦታ እንደሰማኋት ቆጥሬ አልጨርሰውም። አንዳንዱ ኦርጋን ተጫዋቹ ከተቀየረ ቅባቱ ሄደ ይላል፣ አንዳንዱ ደሞ አዲስ ኦርጋን ሲገዛ መንፈሱ ቀዘቀዘ ይላል፣ ከዛ ሁሉም ኤልሳዕን ይጠቅሳል፣ ባለ በገና አምጡልኝ አለ፣ ሲደረደር የእግዚአብሔር እጅ መጣች (2ኛ ነገሥት 3፥15)። እውነት ነው ተጽፏል። ግን እኮ ዳዊትም ተጽፏል። 1ኛ ሳሙኤል 16 ላይ ዳዊት ሲደረድር ሳኦል ያርፋል፣ ክፉው መንፈስ ይርቃል። ሁለት ምዕራፍ አለፍ በይና 18 ላይ ያው ዳዊት፣ ያው ሳኦል፣ ዳዊት በገናውን እየደረደረ እያለ ሳኦል ጦር ወረወረበት። ዳዊት ሁለት ጊዜ ነው ከፊቱ ዘወር ያለው። ይሄ ከፍላሽ አልነበረም፣ ላይቭ ነው፣ ከዳዊት እጅ የበለጠ የተቀባ እጅ ደሞ ከየት ይመጣል? ቅባቱ ያለው በጣቱ ወይ በአውታሩ ቢሆን ኖሮ ያ ጦር ባልተወረወረ ነበር።

ይሄን የምልሽ እኔም የሳትኩበት ስለሆነ ነው። ድሮ ስብከት ልጨርስ ስል ለኦርጋን ተጫዋቹ በእጄ ምልክት እሰጠው ነበር፣ ያቺን ለስላሳ የፓድ ድምፅ ከፍ ያደርጋታል፣ ሕዝቡ ማልቀስ ይጀምራል፣ እኔም ጌታ መጣ እላለሁ። አንድ እሁድ ልክ እዛ ሰአት ላይ መብራት ሄደ። ኦርጋኑ ቀጥ አለ፣ ማይኩ ቀጥ አለ፣ ልቅሶውም አብሮ ቀጥ አለ። ሁላችንም ቀና ብለን አምፖሉን እናያለን። ከኋላ ወንበር ላይ ግን አንዲት እናት ዓይናቸውን ጨፍነው በዛችው ቀጭን ድምፃቸው "አባት ሆይ" እያሉ ቀጥለዋል፣ መብራት መሄዱን ያወቁም አይመስለኝም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ለብዙ ሰአት ተንበርክኬ ነበር፣ ሕዝቡን ምን እንዲጠብቅ እንዳስተማርኩት ስለገባኝ።

እና ፍላሹ ውስጥ ያለው ምንድነው? ኦርጋኑ ላይ ሶንግ ተብሎ የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ ሚዲ የሚባለው ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለ አሰራር። ድምፁን አይደለም የሚይዘው። የቱ ቁልፍ መቼ ተነካ፣ ምን ያህል በኃይል ተመታ፣ መቼ ተለቀቀ፣ ይሄን ይጽፋል፣ ፕሌይ ስትዪው ኦርጋኑ የተጻፈውን እያነበበ እንደገና ይጫወተዋል። የሄደችው እህት ጣቷ የሳተበት ካለ እሱንም አይተወውም። ስለዚህ እሷ በእምነት ትታላችሁ የሄደችው የእጅ ጽሑፍ ነው በይው። ሙሴም ሊሞት ሲል እኮ እግዚአብሔር መዝሙር እንዲጻፍ ነው ያዘዘው፣ ለእስራኤል ልጆች አስተምሯቸው፣ በአፋቸው አድርጉላቸው አለ (ዘዳግም 31፥19)። የሚሄድ ሰው መዝሙር ትቶ መሄዱ ነውር የለውም። በደርግ ጊዜ ቤተክርስቲያኖቻችን ተዘግተው በየሰው ቤት መስኮት ዘግተን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንዘምር፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ካሴት ስንቱን አጽንቶታል፣ ቅባት የለውም ያለው ሰው አልነበረም። ግን "በአፋቸው" የምትለዋን ቃል ልብ በያት። መዝሙሩ አፋችሁ ውስጥ ካልገባ፣ ፍላሹ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያኔ ነው ችግሩ። ካልተሰካ አንጀምርም ለሚሉት እህቶች ጳውሎስና ሲላስን አስታውሻቸው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በመንፈቀ ሌሊት ሲዘምሩ ማን ሰካላቸው?

ፍላሹ የማይችለው አንድ ነገር አለ፣ እሱም መስማት ነው። ያች እናቷ ያረፈችባት ልጅ፣ ለቀብር እንኳን መሄድ ያልቻለች፣ እሁድ እስኪደርስ የሰው ቤት እየጠረገች እንባዋን ይዛ ቆይታ እናንተ ጋ ስትደርስ ፈነዳባት። ሰው ቢጫወት ኖሮ ያያታል፣ ያችኑ ስንኝ ይደግምላታል፣ ወይ እጁን ያነሳል። ማሽኑ ወደሚቀጥለው ቁጥር ሄደ። በማሽኑ አልፈርድም፣ አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ እጅሽ ስቶፕ ላይ ይሁን። እህትሽ ስታለቅስ አቁሚው፣ ዝም በሉ፣ እቀፏት፣ መዝሙሩ ቢቋረጥ እግዚአብሔር አይከፋም።

ስለ ማስመሰሉ ግን እህቴ እዚህ ጋ ጠንከር እላለሁ፣ ስለምወድሽ ነው። መሬቱን ሸጦ ከገንዘቡ ያስቀረው ሐናንያ የተፈረደበት ገንዘቡን ስላስቀረ አይደለም፣ ጴጥሮስ እኮ "ሳትሸጠው የአንተ አልነበረምን?" ነው ያለው። ያልሰጠውን የሰጠ መስሎ ስለታየ ነው። ከፍላሽ መዘመራችሁ ኃጢአት አይደለም፣ እንግዳ ፊት ያልተጫወትሽውን የተጫወትሽ መምሰል ግን ውሸት ነው፣ እጅ ሲዋሽም ያው ውሸት ነው። አትፍሪ፣ ህሊናሽ የከበደሽ መንፈስ ቅዱስ ስላልተወሽ ነው። ንስሐ ግቢና በሚቀጥለው እሁድ እጅሽን አንሺ፣ እንግዳ ቢኖርም "ይሄን የተጫወተችልን አገር ቤት የገባች እህታችን ነች" በይ። ለሷም ትጸልዩላታላችሁ በዛው።

መሞከሩን ደሞ እንዳትተዪው። ቀኝ እጇን ለብቻ ትራክ ላይ ቀድታው ከሆነ ያንን ትራክ ብቻ ዝጊው፣ ሪትሙና ኮርዱ ይቀራል፣ ዜማውን በራስሽ ጣት ትሞዪዋለሽ። ከፈጠነብሽ ቴምፖውን ቀንሺው፣ ሚዲ ስለሆነ ቢዘገይም ድምፁ አይወርድም። እህቶች ከመምጣታቸው በፊት ሀያ ደቂቃ ካገኘሽ ይበቃሻል፣ አንዲት መዝሙር ብቻ ያዢ። የትኛዋን እንደምትይዢ ያችን እናቷ ያረፈችባትን እህት ጠይቂያት፣ ስትሰበር ልትጠብቂያት የምትችዪው ያኔ ነው።